ካርዱ ላይ በቀይ የተጻፈው

ጥቅምት 3

ለልጄ፣ ለፌንጣዬ፣

ይህች ወረቀት ስትደርስሽ እግርሽ ከእርጥብ ወለል ርቆ፣ ሆድሽ ጠግቦ፣ ፊትሽ ፈክቶ ታግኝሽ። እኛ ደህና ነን። ደህና ነን ስልሽ እንደ ድሮው ማለቴ አይደለም፤ እንደ ዘንድሮው ደህና ነን።

ወረቀት የያዝኩት በስልክ የማይወራ ነገር ስላለኝ ነው። የቤቴን ግድግዳ ታውቂዋለሽ፤ እኔ ሳስነጥስ ይማርሽ የሚለኝ ጎረቤት ነው። ይህን የምታደርስልሽ መንገደኛ የደንበኛዬ ልጅ ናት። ጥሩ ልጅ ናት፣ ግን ሰው ናትና ፖስታውን በመርፌና በክር ሰፍቼ ዘግቼዋለሁ።

ስፌቱ ሞቷል በይው። ያኔ በዚህ ወር የተማሪ ዩኒፎርም ስሰፋ ጣቴ ይደነዝዝ ነበር። አሁን አዲስ የሚያሰፋ የለም፤ የታላቁን ለታናሹ ማሳጠር፣ የአባትን ሱሪ ለልጅ ማጥበብ ብቻ ነው። ትናንት አንድ ሰውዬ ኮቱን ገልብጬ እንድሰፋለት አመጣ፤ ፈትቼ ባየው ከአሁን በፊትም ተገልብጧል። ጌታዬ፣ ኮት ሦስተኛ ፊት የለውም ብዬ መለስኩት።

ወደ ጉዳዬ ልግባ። ድንቡሼ ልቧን የታመመችው በአስራ ሦስት ዓመቷ እንደሆነ ታውቂያለሽ፤ አንድ አልጋ ላይ ነው ያደጋችሁት። በየወሩ አንድ የፔኒሲሊን መርፌ ከተወጋች ጉሮሮዋ አይቆጣም፤ ጉሮሮዋ ካልተቆጣ ልቧ አይነካም። ሐኪሙ ያኔ ያለን ይኸው ነው። አስራ አምስት ዓመት አንድም ወር ሳንዘል ስናስወጋት ኖረናል። አሁን ለሰፈሩ ጤና ጣቢያ መርፌው መምጣት አቆመ። የግል ክሊኒኮቹ አንዲት ሴት በዚያው መርፌ ከሞተችባቸው ወዲህ ብር ብትቆልይላቸውም አይወጉም። ያለው ትልቁ ሆስፒታል ነው። እሱ ደግሞ አዲስ ካርድ አውጥታ፣ ልቧን በማሽን ታይታ ካልሆነ አንጀምርም ይላል። የማሽኑን ዋጋ ስጠይቅ ልጅቷ የነገረችኝን ሁለቴ አስደገምኳት። የስፌት መኪናዬን ብሸጥ ግማሹን አይሞላም።

የጤና መድኑን መዋጮ ደግሞ ዘንድሮ ሳልከፍል ቀኑ አመለጠኝ። ይኸው ልክፈል ብል፣ ምዝገባው ተዘግቷል፣ ለመጪው ዓመት ነይ አሉኝ። ልብ ለመጪው ዓመት ይቀጠራል?

የአንቺ መድን ግን አለ። የምትሠሪበት ማተሚያ ቤት ያለ ደመወዝ ፈቃድ ሲሰጥሽ መድንሽ አይቋረጥም ብሎሻል። የመድን ደብተርሽ ከሳጥኔ ውስጥ ነው። እድሜያችሁ አንድ ነው፣ ፎቶውም ደብዝዟል። ፈቃድሽ ከሆነ በአንቺ ስም ትታከም። ካልሆነም አልቀየምሽም። አልቀየምሽም ያልኩት ለወጉ ነው፤ ትንሽ እቀየማለሁ።

ከክፉ ዓይንና ከክፉ አሠሪ ይሰውርሽ።

እቴቴሽ

*

ጥቅምት 22

ለተከበሩ እቴቴ፣

በያሉበት ሰላም ይዋሉ፤ ድንቡሼን ግንባሯን ሳሙልኝ። ፖስታውን ለመክፈት መቀስ ተውሼ ነው። መንገደኛዋ ስትሰጠኝ፣ እናትሽ ናቸው ልብስ ሰፊዋ? አለችኝ። አዎ አልኳት። አክስቴ ናቸው ማለት ረዥም ስለሆነ ነው።

ደብተሩን ይውሰዱት። መጠየቅም አልነበረብዎትም። ስሜ እዚህ ምንም አይሠራልኝም፤ የሚጠሩኝ በቁጥር ነው። ድንቡሼ ግን ስትጠራ አቤት ማለትን ትልመድ፣ የእናት ስም ሲሏትም የእናቴን ትበል እንጂ የእርስዎ እንዳያመልጣት። ተለማመዱ። እርስዎም እዚያ ሆነው ድንቡሼ ብለው እንዳይጠሯት፣ አፍዎን አውቀዋለሁ።

የምሠራበትን በስልክ ጠይቀውኝ ነበር። ትልቅ ሆስፒታል ነው፤ እኔ ያለሁት ምድር ቤት፣ አንሶላ የሚታጠብበት ነው። አንሶላው ከየፎቁ በቱቦ ይወርዳል። አራተኛ ፎቅ የልብ ነው። የእነሱ አንሶላ ቆሸሸም አልቆሸሸም በቀን ሁለቴ ይወርዳል፤ የካውያው መስመር እንኳ ያልጠፋ፣ ማንም ያልተኛበት ይመጣል። ይታጠባል ይባላል፣ እናጥበዋለን። መጀመሪያ ይገርመኝ ነበር።

ገንዘብ ያልላክሁት ሳልፈልግ ቀርቼ አይደለም። የሁለት ወር ደመወዝ ይዘውብናል። ሲለቁት እልካለሁ።

እግርዎ ሥር ሆኜ እጅ እነሳለሁ።

ፌንጣ

*

ኅዳር 16

ለፌንጣዬ፣

ሰላምታዬ ብዙ ነው፤ ዛሬ ግን ወደ ነገሩ ልሂድ።

ማሽኑ ተሳክቷል። ስምሽን ሲጠሩ ድንቡሼ ዝም አለች። ደግመው ሲጠሩ በክርኔ ጎሰምኳት፤ "አቤት!" ብላ ስትነሳ አግዳሚው ላይ ያለው ሰው ሁሉ ዞሮ አያት፣ እንቅልፍ ወስዷት ነበር አልኩ። ሐኪሙ ወጣት ነው፣ ጨዋ። ልቧን አይቶ፣ ከቆየ በሽታ አንጻር ደህና ናችሁ፣ መርፌውን ብቻ አታቋርጡ አለን። ማዘዣውን ጻፈ። ከደስታዬ ብዛት የኮቱ ቁልፍ ላልቶ ስላየሁ እዚያው ቆሜ ሰፋሁለት።

መርፌ ክፍል ገባን። ነርሷ ወፍራም፣ ፈገግ የማትል ሴት ናት። መድኃኒቱን በጠበጠች፣ ቀዳችው። ከዚያ ካርዱን ገለጠች፤ መርፌውን መልሳ ሳህኑ ላይ አስቀመጠችው።

የድሮው የሰፈራችን ክሊኒክ ሲዘጋ ካርዶቹ ወደ ትልቁ ሆስፒታል ተዛውረው ኖሯል። ካርድ ክፍሉ ስምሽን ፈልጎ የልጅነት ካርድሽን አግኝቶ ከአዲሱ ጋር አያይዞታል። እኔ እነዚህ ሰዎች ሰነፎች ናቸው እያልኩ ስማቸውን ሳነሳ የኖርኩ፣ ያን ዕለት ጎበዙብኝ። ካርዱ ላይ በቀይ፣ በትልልቁ ተጽፏል፦ ፔኒሲሊን አይስማማትም።

"ይህን ሳትነግሩኝ ልወጋት ነበር እኮ" አለች ነርሷ። ተሞክሮ ይታይ አልኩ። "ቀይ ያለበትን አንሞክርም፣ እናቴ" አለችኝ። ድንቡሼ እኔን አየችኝ። እኔ ጫማዬን አየሁ።

በመርፌው ፈንታ በቀን ሁለት ጊዜ የምትዋጥ ክኒን አዘዙልን። የሆስፒታሉ ፋርማሲ የለንም አለ፣ ውጭም አሥር ቤት ዞርኩ፣ የለም። የውጭ ምንዛሪ ነው ይላሉ። የክኒኗን ስም በጀርባው ገልብጬልሻለሁ። ያለሽበት አገር ይገኛል መቼም። ገንዘቡን ተይው፣ ክኒኗን ላኪልኝ።

እቴቴሽ

*

ታኅሣሥ 25

ለተከበሩ እቴቴ፣

ጤና ይስጥልኝ፤ የድንቡሼን ጤንነት ያሰማኝ።

ከዚህ ወረቀት ጋር ስድሳ ክኒን አለ። የወር ነው። የዘገየሁት ክኒኗን ስፈልግ ነው። እዚህ ያለ ሐኪም ወረቀት አይሸጡም። ሐኪም ጋ ለመግባት ደግሞ መድን ያስፈልጋል፤ እኔን የቀጠረኝ ሆስፒታሉ ሳይሆን ሠራተኛ አቅራቢ ድርጅት ስለሆነ መድን የለኝም። ህንጻው ውስጥ እየሠራሁ የምገባው በጓሮ በር ነው። አንድ ቀን ወደ ላይኛው ፋርማሲ ወጥቼ ጠየቅሁ። ልጅቷ ቱታዬን አይታ፣ አንሶላው በዚያ በኩል ነው አለችኝ።

ክኒኗን ያገኘሁት አብራኝ ከምትሠራ አሮጊት ነው። ባሏ የሚወስደው ነበር፤ ሞቶ የተረፈ ነው። የሚያበቃበት ቀን አላለፈም፣ አይቻለሁ። ሌላ የላትም።

እጄን ካውያው ትንሽ ላሰኝ። ምንም አይደለም፣ በግራዬ አጥፋለሁ።

አንድ ነገር ልጠይቅ። ያ በቀይ የተጻፈው ከየት መጣ? እኔ መርፌ አልስማማ ብሎኝ ታምሜ አላውቅም። አስቤ አስቤ ላስታውሰው አልቻልኩም። እናቴ በሕይወት እያለች ነው ወይስ እርስዎ ዘንድ ከመጣሁ ወዲህ?

ፌንጣ

*

ጥር 30

ለልጄ፣

ክኒኗ ደርሳለች፤ እጅሽን ቁርጥማት አይንካው። ያሮጊቷን ባል ነፍሱን ይማር።

መልስ ያዘገየሁት ስለጠየቅሽኝ ነው። ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስት ጊዜ ቀድጃለሁ። አሁን እንደመጣልኝ ልጽፈው ነው።

ያስጻፍኩት እኔ ነኝ። እናትሽ፣ እህቴ፣ ከሞተች ገና አራት ወር አልሞላትም ነበር፤ ዘጠኝ ዓመትሽ ነው። ጉሮሮሽ ቆስሎ ድሬሰሩ አምስት መርፌ አዘዘ፣ በየቀኑ አንድ። በመጀመሪያው ቀን ሦስት ሰው ይዞሽ ነው የተወጋሽው። ጩኸትሽ አሁንም ጆሮዬ ላይ ነው። እማዬን ጥሩልኝ ነበር የምትይው። በማግሥቱ ስፈልግሽ መኪናዬ ሥር፣ ቁርጥራጩ ጨርቅ ውስጥ ገብተሽ ተሸሽገሻል። ይህች ልጅ ዘንድሮ ያየችው አይበቃም ወይ አልኩ። ክሊኒኩ ወስጄሽ ለድሬሰሩ፣ ትናንት ስትወጋ ሰውነቷ አበጠ፣ ትንፋሽ አጠራት አልኩት። ውሸቴን ነው። ምንም አልሆንሽም ነበር። ቀና ብሎ እንኳ አላየሽም። ከኪሱ ቀይ እስክሪብቶ አወጣና ጻፈ፤ ሽሮፕ ሰጥቶ ሸኘን። እኔ አዝዬሽ ስመለስ ትልቅ ነገር የሠራሁ መስሎኝ ነበር፣ እየሳቅሁ ነው የገባሁት።

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ። እኔ የማላውቀውን ተረት አልተናገሩም።

አሁን ብናገር፣ ይህች ልጅ የካርዱ ባለቤት አይደለችም ማለት ነው። ይህንን ብዬ ደግሞ በአንቺ ላይ ምን እንደሚመጣ አላውቅም። ማተሚያ ቤቱ ሊያባርርሽ ይችላል። ክስ አለ የሚሉም አሉ። ስለዚህ ሳልጠይቅሽ አፌን አልከፍትም። ክኒኗ የቀረችው ለአምስት ቀን ነው፤ በቀን ሁለቱን አንድ አድርጋዋለች፣ ሳትነግረኝ።

ምን ላድርግ?

እቴቴሽ

*

የካቲት 14

ለተከበሩ እቴቴ፣

ሰላም ለርስዎ።

አልቀየምኩም። እውነቴን ነው፤ ሳነበው ምንም አልተሰማኝም። ካነበብኩት በኋላ ሦስት ጋሪ አንሶላ አጥፌያለሁ።

ስለጠየቁኝ ግን፣ ትንሽ ይታገሡኝ። ፈቃዴ የሚያበቃው በዚህ ወር መጨረሻ ነው። ለአንድ ዓመት እንዲራዘምልኝ ጽፌ ማመልከቻዬ ሠራተኛ አስተዳደር ጠረጴዛ ላይ ነው ያለው። አሁን በስሜ ነገር ከተነሳ ይሰርዙኛል፤ ከሰረዙኝ መድኑም ያልቃል፣ ስመለስም የምገባበት ሥራ አይኖረኝም። እዚህም ብዙ የምቆይ አይመስለኝም። እስከ መጋቢት አጋማሽ ቢጠብቁ ውሳኔው ይመጣል፤ ከዚያ እንደፈለጉ ይናገሩ። አንድ ወር ነው።

ክኒን እየፈለግሁ ነው። የአንድ ወር ደመወዝ ለቀውልናል፣ ልኬያለሁ፤ እዚያም ከተገኘ ይግዙበት።

ድንቡሼ ጉሮሮዋን በጨው ውሃ ትጉመጥመጥ።

ፌንጣ

*

ሚያዝያ 4

ለፌንጣ፣

የላክሽው ገንዘብ ደርሷል፣ ይባርክሽ። ክኒን አልተገዛበትም፣ የለም። የፋርማሲው ባለቤት ገንዘብ ይዛችሁ እየመጣችሁ መድኃኒት የማጣው አሁን ነው እያለ ቆጣ ይለኛል፣ እኔ የደበቅሁበት ይመስል።

እንዳልሽው ጠበቅን። በመጋቢት መጀመሪያ ጉሮሮዋ አመማት። ጉንፋን ነው አለች፣ እኔም ጉንፋን ነው አልኩ። ሁለታችንም ደህና አድርገን እናውቅ ነበር። ከዚያ ጉልበቷ አበጠ፣ ከጉልበቷ ወደ ክርኗ ዞረ። ደረጃ ስትወጣ ሁለት ጊዜ ቁጭ ማለት ጀመረች። ባለፈው ሳምንት ተኝታ መተንፈስ ሲያቅታት ወሰድኳት። ሁለት ቀን ኮሪደር ላይ ነበርን፤ አሁን አልጋ ተገኝቷል፣ አንሶላው የራሴ ነው።

እዚያው ኮሪደር ላይ ያቺ የመርፌ ክፍሏ ነርስ ስታልፍ ተነሥቼ ቀሚሷን ያዝኩ። ተናገርኩ። ስሙ የእሷ እንዳልሆነ፣ ቀዩም የእሷ እንዳልሆነ፣ የአንቺም እንዳልሆነ፣ የእኔ ውሸት እንደሆነ፤ ሁሉንም ባንድ ትንፋሽ። ፖሊስ ትጠራለች ብዬ እጄን አጣምሬ ቆምኩ።

ያለችኝን ቃል በቃል ልጻፍልሽ። "እናቴ፣ በሰው ካርድ እንደምትታከሙ እኮ ከመጀመሪያው ቀን አውቄያለሁ። አፍንጫዋ እንኳ ከፎቶው ጋር አይገናኝም። ዘንድሮ ከሚመጣው ሰው ግማሹ በሰው ካርድ ነው። ቀዩ የማን እንደሆነ ግን ከየት ልወቅ? ልጠይቅሽ ነበር። እንዲህ ብዬ የጠየቅኋቸው ሁሉ ደንግጠው ሄደው አልተመለሱም። አንቺም እንዳትጠፊ ፈርቼ ተውኩት።"

ከዚያ ሄዳ መርፌውን አምጥታ እዚያው ኮሪደር ላይ ወጋቻት። መድኃኒቱ እኮ ሁልጊዜም መደርደሪያቸው ላይ ነበር፣ ፌንጣ። ሙሉ ካርቶን ነው ያለው፣ አሳየችኝ። ምን ልታሳየኝ እንደፈለገች አላውቅም።

ስለ ካርዱ ለማንም አልናገርም ብላለች።

ሐኪሙ የልቧ ቫልቭ ተጎድቷል፣ ውሃ ይዟል ይላል። ቀዶ ጥገና ነው። ያም ያለው ከመንገዱ ማዶ፣ መስታወት በመስታወት የሆነው የግል ሆስፒታል ነው። ከአልጋዋ ሆና በመስኮቱ ታየዋለች። ሊፍቱ ሲወጣና ሲወርድ ይታያል፤ እሱን ስትቆጥር ትውላለች።

እቴቴሽ

*

ሚያዝያ 21

ለእቴቴ፣

ዛሬ ሁለት ነገር ደረሰኝ፤ የእርስዎ ወረቀትና የማተሚያ ቤቱ ደብዳቤ። ፈቃዴ ለአንድ ዓመት ተራዝሟል። የተፈረመው የካቲት 12 ቀን ነው። እኔ ጠብቁኝ ብዬ ስጽፍልዎ ተፈቅዶ ሁለት ቀኑ ነበር፤ ደብዳቤው ግን ከዚያ ጠረጴዛ እስኪነሳ ሁለት ወር ፈጀ።

ያለኝን ሁሉ ልኬያለሁ። ከአሮጊቷም ተበድሬያለሁ። ለቀዶ ጥገናው እንደማይበቃ አውቃለሁ።

እንዴት ናት? አጭርም ቢሆን ይጻፉልኝ።

ፌንጣ

*

ግንቦት 10

እቴቴ፣

መልስ አልደረሰኝም። ስልክዎ አይነሳም። መንገደኛዋንም ጠየቅሁ፣ አላውቅም አለችኝ፤ ስታወራ ግን ፊቷን አዞረች።

ዛሬ ከአራተኛ ፎቅ ዘጠና አንሶላ ወረደ። ቆጠርኩት። ለምን እንደምጽፍልዎ አላውቅም።

ፌንጣ

*

ግንቦት 29

ለፌንጣ፣

ድንቡሼ አርፋለች። ሚያዝያ 26፣ ማክሰኞ፣ ከምሳ በኋላ። ውሃ አምጪልኝ አለችኝ፣ ሄጄ ይዤ ስመጣ የለችም። ውሃውን ምን እንዳደረግሁት አላስታውስም።

መንገደኛዋን እንዳትነግርሽ ያልኳት እኔ ነኝ። እኔው ልጽፍልሽ ብዬ ይኸው ወር አለፈኝ። ቀን ቀን እሰፋለሁ። ሥራው መጥቷል፣ የሚገርም ነው። ሰው አዝኖልኝ ነው መሰለኝ የማያስፈልገውን ሁሉ ያሳጥራል።

አንድ ሌላ ነገር አለ። አስከሬኗን ስወስድ የሰጡኝ ወረቀት በአንቺ ስም ነው። ይስተካከል ብዬ ልናገር ነበር፤ ለማስተካከል የስሙ ባለቤት በአካል ቀርባ በሕይወት መኖሯን ታሳይ ይላል ደንቡ። አንቺ ደግሞ ባሕር ማዶ ነሽ። ሰው ውጭ ቆሞ ይጠብቃል፣ ፀሐዩ ከርሯል። ፈርሜ ወሰድኳት። ስለዚህ በወረቀት የሞትሽው አንቺ ነሽ፤ ልጄ በመዝገብ በሕይወት አለች። ለቅሶው ላይ የማተሚያ ቤታችሁ ገንዘብ ያዥ መጣ፣ ሆስፒታሉ ለመድኑ፣ መድኑም ለእነሱ አስታውቆ ኖሯል። ለአንቺ ያዋጡትን ይዞ። ገብቶ ተቀመጠና ጠረጴዛው ላይ ያለውን ፎቶ አየ። አንቺ አይደለሽም። አንቺን ያውቅሻል፣ አምስት ዓመት ደመወዝ ከፍሎሻል። ፎቶውን አየ፣ እኔን አየ፣ ቀና ብሎ ጣሪያውን አየ። ፖስታውን ጉልበቴ ላይ አድርጎ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ ብሎ ወጣ። ደግ ሰው ነው።

መቃብሯ ላይ ስም አላስጻፍኩም። የወረቀቱን ባስጽፍ አንቺን በቁምሽ መቅበር ነው። የእሷን ላስጽፍ ብል ጠባቂው ወረቀት አምጪ አለኝ። ድንጋዩ ባዶውን ቆሟል።

ስምሽ እንዲመለስልሽ ምን እንደማደርግ ንገሪኝ። የምትይኝን አደርጋለሁ።

በእኔ እንዳታዝኚ አልልሽም።

እቴቴሽ

*

ሐምሌ 2

ለእቴቴ፣

ወረቀትዎ ከደረሰኝ አስራ ስምንት ቀን ሆነው። በየቀኑ ልጽፍ እቀመጥና እነሣ ነበር። ማልቀስ አልመጣልኝም። ይመጣል ብዬ ጠበቅሁ፤ ሥራ ቦታም ጠበቅሁ፣ ክፍሌም ጠበቅሁ። አሮጊቷ አይታኝ፣ እኔም በባሌ እንዲሁ ነበርኩ አለችኝ፤ ከዚያ ቆይቶ ይመጣል ወይ ብላት፣ አላውቅም፣ እስካሁን እየጠበቅሁ ነው አለችኝ።

የሚያውቁትን ልበልዎ። ጠብቁ ያልኩት እኔ ነኝ። እርስዎ በወረቀትዎ ሁሉ አንድም ቦታ አላነሱብኝም፤ ሁለቴ ሦስቴ አንብቤ ፈለግሁት፣ የለም። ያንሱት እቴቴ። ውሸቱ የርስዎ ነው፣ አንዱ ወር ግን የእኔ ነው። ለዘጠኝ ዓመት ልጅ አዝነው ነው የዋሹት። እኔ ያዘንኩት ለሥራዬ ነው።

ስለ ስሜ አይጨነቁ። ወረቀቱ ላይ ልሙት፣ ስመለስ ቀርቤ ያለሁ መሆኔን አሳያቸዋለሁ፤ ካላመኑኝም ግድ የለኝም። ድንጋዩ ላይ ግን የእሷን ስም ያስጽፉ፣ ነገ ዛሬ ሳይሉ። ለጠባቂው የሚሆን ልኬያለሁ፤ ወረቀት አምጪ የሚለው ለዚያ ነው።

እጄ አልዳነም ነበር። አልነገርኩዎትም፣ ከሚያዝያ ጀምሮ መግል ይዞ፣ ብብቴ ድረስ አብጦ ነበር። አጣጥፌ መጨረስ ሲያቅተኝ ድርጅቱ አሰናበተኝ። አሮጊቷ መድን ለሌለው ሰው በሳምንት አንድ ቀን በነጻ የሚያክሙበት አዳራሽ አለ ብላ ወሰደችኝ። ትናንት ነው። ከጠዋት ቆመን ተራችን የደረሰው ከሰዓት ነው። ሐኪሟ ቁስሉን አይታ፣ እስካሁን የት ነበርሽ አለችኝ። ሆስፒታል አልኳት። የምቀልድ መሰላት፣ ሳቀች።

ከዚያ ወረቀቷን አውጥታ፣ የማይስማማሽ መድኃኒት አለ? አለችኝ። ሁሉንም ሰው የሚጠይቁት ነው፤ ከፊቴ የነበሩትንም ስትጠይቅ ሰምቻለሁ። የለም አልኳት። የለም ብላ ጻፈች፣ በሰማያዊ።

ፔኒሲሊን ወጉኝ። አንዳንድ ሰው ስለማይስማማው ግማሽ ሰዓት እዚህ ተቀምጠሽ ትቆያለሽ አሉኝ። ግድግዳው ሥር የፕላስቲክ ወንበር ነበር፣ እዚያ ተቀመጥኩ። ሰዓቱ ፊት ለፊቴ ነው። እንዲያሳክከኝ ጠበቅሁ። እንዲያብጥ፣ ትንፋሽ እንዲያጥረኝ ጠበቅሁ፤ ለርስዎ ብዬ፣ እውነት ሆኖ እንዲገኝልዎ ብዬ፣ ፈለግሁት እቴቴ። እጄን አየሁ፣ አንገቴን ዳሰስኩ። ግማሽ ሰዓቱ ሲሞላ ነርሷ መጥታ ምን ይሰማሻል አለችኝ።

ምንም አልኳት።

እንግዲያው መሄድ ትችያለሽ አለችኝ፤ ወንበሩን ለሚቀጥለው ሰው ለቀቅሁ።

ፌንጣ